ሞቴ ለአቶ ሙነወር ስለመሰጠቱ

ለተከበሩ አቶ በዕውቀቱ ሽታው
የጥሪያችን ቴክኖሎጂ መሥራች፣ ሥራ አስኪያጅ እና የፊልሙ የበላይ ጠባቂ
ሐይቅ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለድርጅትዎ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው የሐይቃችን የማለዳ ጉም ላስነጠሳቸው የፊልም ባለሙያዎች ሁሉ አላህ ሙሉ ጤና እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ አቤቱታዬ ራሱ በሕይወት መኖሬን የሚመለከት ስለሆነ ነው።

የሥራ ብዛት አስረስቶዎት ከሆነ፣ እኔ ሀሚዱ ኑርዬ ነኝ። ሌላው አገር ዕድር በሚለው በእኛው ቅሬ ሃያ ሁለት ዓመት ጠሪ ሆኜ አገልግያለሁ። ሰው ሲሞት በማለዳ ተነሥቼ ከሰፈር ሰፈር እየዞርኩ፣ ያለ ጡሩምባና ያለ ደወል፣ በዚህ በጉሮሮዬ ብቻ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ስናገር ኖሬያለሁ። ዛሬ ይህን ሥራ የእርስዎ ድርጅት በስልክ መልእክት ይሠራዋል፤ በዞኑ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ቅሬ ይጠቀምበታል መባሉንም ሰምቼ ተደስቻለሁ። በመደሰቴ የተጠራጠረ ካለ ባለቤቴን ፈዲላን መጠየቅ ይችላል፤ ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ጸሐፊዎቹና ዳይሬክተሯ አስቀድመው ቢያነጋግሩኝም፣ የድርጅትዎን አመሠራረት የሚተርከው ፊልም እዚሁ ሐይቅ ከተማ መቀረጽ መጀመሩን ያወቅኩት እንደማንኛውም መንገደኛ ከተማው መግቢያ ላይ ከተሰቀለው ትልቅ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ እርስዎ አሉ፣ ሐይቁም አለ፣ ታንኳ ላይ ቆመው ሩቅ ሩቁን የሚመለከቱ ባለ ማረፊያ ቤቱ አቶ ሙነወርም አሉ። እኔ የለሁም። ሰሌዳው ሰፊ ስለሆነ ምናልባት ጥግ ላይ እገኝ ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት፤ ጥግ ላይ ያለው የማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ነው።

ፊልሙ የሚለውና የሆነው ነገር በመጠኑ ስለተራራቁ፣ ውድ ጊዜዎን እንደማልሻማ ተስፋ በማድረግ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሐሳቡ አመጣጥ።

በፊልሙ ላይ እርስዎ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ጠጠር ይወረውራሉ፤ ውኃው ላይ ቀለበቱ እየሰፋ ሲሄድ ያዩና ሐሳብ ብልጭ ብሎልዎት ወደ ከተማ እየሮጡ ይመለሳሉ። ይህን ያህል መሮጥ መቻልዎን በማወቄ ኮርቻለሁ፤ እኔ የማስታውስዎት መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የስልክ መጠገኛ ሱቅዎ፣ ለምሳ እንኳ ከወንበርዎ የማይነሡ ሰው ሆነው ነው። የሆነው እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጉሮሮዬን ታመምኩና ደሴ ያለ ሐኪም ሦስት ወር ድምፅ እንዳላወጣ አዘዘኝ። መናገር ስለተከለከልኩ ሱቅዎ መጥቼ በካርቶን ቁራጭ ላይ ‹ስልክ በእኔ ፋንታ ሰው መጥራት አይችልም ወይ?› ብዬ ጻፍኩልዎት። እርስዎም አንብበው ‹ይችላል ጋሽ ሀሚዱ› አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከደጅ ደጅ እየዞርኩ፣ ‹አፉ ተዘጋ ደግሞ ምን ፈልጎ መጣ› እየተባልኩ፣ የአራት መቶ አሥራ ሁለት አባል ስልክ ቁጥር ለቅሜ አመጣሁ። ካርቶኗ የት እንደደረሰች አላውቅም። ጠጠሩ ግን እስካሁን ሐይቁ ውስጥ መኖሩ አይቀርምና፣ ለቅርስነት ይፈለጋል ከተባለ ዋናተኛ ለማፈላለግ ዝግጁ ነኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ መጀመሪያው መልእክት።

ለሙከራ አንድ የሞት መልእክት ጽፈን ወደ ሦስት ስልክ ብቻ ልንልክ ተስማምተን ነበር፤ ወደ እርስዎ፣ ወደ እኔ እና ዳኛ ወደምንለው የቅሬው ሰብሳቢ። ታዲያ ሞተ የሚባለው ማን ይሁን? እርስዎ ዝም ብለን አንድ ስም እንፍጠር አሉ። እኔ ደግሞ የትኛውም ስም ቢፈጠር በዚህ አገር ባለቤት አያጣምና ሟርት ይሆናል ብዬ በእጄ ምልክት ከለከልኩ። በቁሙ ያለ ሰው ሞተ ብሎ መጻፍ ለጨዋታ እንኳ ነውር ነው። ስለዚህ በሌላው ላይ ከማሟርት በራሴ ይምጣ ብዬ የገዛ ስሜን ጻፍኩልዎት፤ ‹ሀሚዱ ኑርዬ ወደ አኼራ ሄዷል። ቀብሩ ዛሬ ከዙህር ሰላት በኋላ ስለሆነ የቅሬ አባል ሁሉ ይውጣ።› ይህን ለፊልሙ ጸሐፊዎች ሳጫውታቸው እየሳቁ መዘገቡት። ቆይቶ ግን ሀሚዱ የሚለውን ሰርዘው ሙነወር ብለው ጻፉበት።

እኔ ስልኬን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቼ ቤቴ ሳለሁ፣ እርስዎ ‹ሙከራ› የሚለውን ዝርዝር ትተው ‹ቅሬ› የሚለውን ነኩ። መልእክቱ ለአራት መቶ አሥራ ሁለቱም ደረሰ። ፊልሙ ይህን ‹ዓይን ተጨፍኖ የተወሰደ ደፋር እርምጃ› ይለዋል። ለድፍረትዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም፤ በዚያች ደቂቃ ራስዎን በሁለት እጅዎ ይዘው ‹ጉድ ፈላ!› ሲሉ የሰሙ ሁለት ደንበኞችዎ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሲያወሩት ይኖራሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ፊልሙ የቴክኖሎጂ ተአምር አድርጎታል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ከአራት መቶ ሰው በላይ ግቢዬን ሞላው፤ ወጣቶቹ ደግሞ መቃብር መቆፈር ጀምረው ነበር። አንድም ሰው ደውሎ ‹እውነት ነው ወይ?› አላለም። ለቅሶ ቤት ስልክ ተደውሎ ሞቱ እውነት መሆኑ አይጣራም፤ ዶማና አካፋ ተይዞ ይመጣል እንጂ። ደግሞም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በእኛ ቅሬ አንድ ቀን የሐሰት ጥሪ ተጠርቶ አያውቅም፤ እኔ ሞተ ያልኩት ሁሉ ሞቷል። ፈዲላ እንኳ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ቁርሴን አብልታኝ ወፍጮ ቤት የሄደችው ሴት፣ መልእክቱ ሲነበብላት ዱቄቷን ጥላ እየጮኸች መጣች። በኋላ ‹ደህና ትተሽኝ ሄደሽ የለም ወይ?› ብላት ‹ታዲያ ቅሬ ነዋ ያለው!› ብላ ተቆጣችኝ። ክቡርነትዎ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ የወጣው ስልኩን አምኖ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ያላሳሳተውን ቃሌን አምኖ ነው፤ እርስዎም ድርጅትዎን ያቋቋሙት በእሱ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ታንኳው።

መልእክቱ ሲላክ እኔ የነበርኩት ጓሮዬ ባለው መጸዳጃ ቤት ነው። የዑዱ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ እንደገባሁ ጩኸት ሰማሁ። በመጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ ሳይሆን ቅናት ነበር፤ ሰው ሞቶ እኔ ሳልጠራ ማን ጠራ ብዬ በገንኩ። ቀጥሎ የራሴን ስም ሰማሁ። የመጸዳጃው በር ወደ ግቢው ስለሚከፈት፣ ያን ሁሉ አልቃሽ ፊት ለፊት እየተመለከትኩ ሱሪዬን አጥብቄ መውጣቱ አሳፈረኝ። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ እያየሁ ግማሽ ሰዓት ያህል የራሴን ለቅሶ አዳመጥኩ።

የፊልሙ ዳይሬክተር ወይዘሪት ሳራ፣ አላህ ዕድሜ ይስጣትና፣ ይህን ስነግራት ‹መጸዳጃ ቤት ለካሜራ አይመችም› ብላ በትሕትና አስረዳችኝ። ስለዚህ ሟች ተብሎ የተለቀሰለት ሰው ከመጸዳጃ ቤት መውጣቱ ቀርቶ፣ ከሐይቁ ገዳም ወዲህ ባለው ዳርቻ በታንኳ እየቀዘፈ፣ ፀሐይ ጀርባው ላይ ወርቅ እየረጨች፣ በአምባሰል ቅኝት ዋሽንት እየታጀበ እንዲመጣ ተወሰነ። ለታንኳ የሚሆነው ሰው ደግሞ ሐይቁ ዳር ማረፊያ ቤት ያለው፣ ለቀረጻ ቡድኑ አልጋና ቁርስ የሰጠው፣ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በየቀኑ የሚያቀርበው አቶ ሙነወር ሆኖ ተገኘ። ተዋናይ እንኳ አላስፈለገም፤ ራሳቸውን ሆነው ይጫወታሉ። አቶ ሙነወር መቅዘፍ አይችሉም። የታንኳዋን ጫፍ ሁለት ሰዎች ውኃ ውስጥ ተደብቀው ይገፉላቸዋል።

አራተኛ፤ ስለ ግብዣው።

ባለፈው ሰኞ ከድርጅትዎ መልእክት ደረሰኝ። ሐሙስ ጠዋት የአቶ ሙነወር ቀብር ስለሚቀረጽ ጋቢዬን ለብሼ ‹ሐዘንተኛ ቁጥር ሃምሳ አራት› ሆኜ እንድገኝ በአክብሮት ተጋብዣለሁ። ከልብ አመሰግናለሁ። በገዛ ሞቱ ለሌላ ሰው አልቅስ የተባለ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን ስለማላውቅ ዕድለኛ ነኝ። ቁጥሬን ከሃምሳዎቹ መካከል በማድረግዎም ተደስቻለሁ፤ አቶ ሙነወር ሲታመሙ በግ ያላረደላቸው ሰው ሁሉ ከሰባ በኋላ እንደተመደበ ሰምቻለሁ።

ሰው ‹ሀሚዱ ቀንቶ ነው› ይላል። እውነቱን ነው። ቀንቻለሁ፤ በማረፊያ ቤታቸው ደጅ ሳልፍ አንገቴ ወደዚያ እየዞረ እስኪያመኝ ድረስ ቀንቻለሁ። ጀርባው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ታጣፊ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። አንዲት ልጅ ግንባራቸው ወዝ በነካው ቁጥር ዱቄት ትቀባላቸዋለች፣ ሌላዋ ጥላ ትይዝላቸዋለች። እኔና እሳቸው አብረን ነው ያደግነው፣ አብረን ቁርአን የቀራነው፣ ዱላም አብረን ቀምሰናል። ያን ዕለት የት እንደነበሩ ልንገርዎት። ከቀባሪዎቼ መካከል ነበሩ፤ መቃብሬ ጠባብ ነው እያሉ ሲያስቆፍሩ አርፍደዋል። ለዚህ ደግነታቸው እስከ ዛሬ ስላላመሰገንኳቸው በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። መቃብሩን እንዲህ የወደዱት ከሆነ አስቀድመው ቢነግሩኝ በፈቃዴ እለቅላቸው ነበር።

አምስተኛ።

ይህኛው እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ይለያል። እዚህ ላይ ቀልዴ እንዳያመልጠኝ እየተጠነቀቅኩ ነው፤ ቢያመልጠኝም ይቅርታ ይደረግልኝ።

ታላቅ እኅቴ ዙለይሃ ውጫሌ ነበር የምትኖረው። አምባሰል ላይ አባታችን ትቶልን በሄደ አንድ ቁራጭ እርሻ ተጣልተን አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም። በገበያ ቀን ሐይቅ ትመጣለች፣ በደጄ ታልፋለች፣ ዞራ አታይም። እኔም አልጠራትም። ያን ዕለት ገበያ ሳለች ሞቴን ሰምታ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ እየተጎተተ መጣች። በሚስማሩ ቀዳዳ አየኋት። ግቢው መካከል መሬት ላይ ወድቃ እንዲህ አለች፤ ‹ሀሚዴ፣ ያችን መሬት ውሰዳት! ተነሥና ውሰዳት! ለሷ ብዬ ነው እኔ ክፉዋ አሥራ አንድ ዓመት ደጅህን እንዳላየሁ ያለፍኩት? ለገበያ መጥቼ ባደርኩ ቁጥር ጎህ ላይ እየነቃሁ ስትጣራ እሰማሃለሁ እኮ! ወላሂ ማን እንደሞተ ሰምቼ አላውቅም፣ ያንተን ድምፅ ነው የምሰማው። ተነሥ ወንድሜ፣ ተነሥና ጥራኝ!›

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ታደምጠኝ እንደነበር የማውቅበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ማንቆርቆሪያዬን እንደያዝኩ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ሐኪሙ የከለከለኝንም ረስቼ ‹አለሁ› አልኩ። ግማሹ ሰው ሸሸ። እሷ ተነሥታ ጫማዋን አውልቃ ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታችኝ፣ ከዚያም አቀፈችኝና ልትለቀኝ እንቢ አለች። እርስዎ እያለከለኩ የደረሱት በዚያች ሰዓት ነው፤ ሕዝቡን አይተው ‹ሠራ! ጋሽ ሀሚዱ፣ ሠራ እኮ!› ብለው ጮኹ። ድርጅትዎ የተመሠረተው ያኔ ነው።

ከዙለይሃ ጋር ሁለት ዓመት ኖርን። መሬቷን ማንም አልወሰዳትም፣ አብረን አረስናት። ከዚያ እሷ እውነተኛውን ሞት ሞተች። ቅሬው ጠሪ አያስፈልገውም ብሎ እኔን ካሰናበተ አንድ ዓመት ሆኖት ስለነበር፣ የእኅቴን ሞት የነገረኝ ኪሴ ውስጥ የተንቀጠቀጠው ስልኬ ነው። የሌላውን ሁሉ ወዳጅ ስሙን ከፍ አድርጌ ጠርቼ ስሸኝ ኖሬ፣ የእሷን ስም የጠራላት ሰው የለም። በዚህ እርስዎን አልወቅስም። ያዘንኩት ግን በእርስዎ ድርጅት ነው፤ ይህንንም ቢያውቁት መልካም ነው።

አሁን በፊልሙ ላይ ያ ለቅሶ አለ። የተከበረች ተዋናይ ከአዲስ አበባ መጥታ ቃል በቃል ‹ያችን መሬት ውሰዳት› ትላለች፣ ‹ያንተን ድምፅ ነው የምሰማው› ትላለች፤ ‹ሙነወር ወንድሜ› እያለች። አቶ ሙነወር እኅት የላቸውም። እርሻም ኖሯቸው አያውቅም። ድምፃቸውም ከማረፊያ ቤታቸው በር አልፎ ተሰምቶ አያውቅም። ቃሉን ለጸሐፊዎቹ የሰጠው ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ እኔ እንዳልሰጠሁ አውቃለሁ፤ አንተ ደግሞ ያን ቀን እዚያ ነበርክ፣ ከዚያም በኋላ እሷ ራሷ ስትደጋግመው ሰምተሃል። ይቅርታ፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ጠጠሩን ይውሰዱ። ታንኳውንም፣ ሰሌዳውንም፣ ወንበሩንም ለአቶ ሙነወር መርቄላቸዋለሁ። ሞቴንም ይውሰዱት፤ የሰው ሞት ያማረባቸው እንደሆነ ማን ይከለክላቸዋል። እኅቴን ግን አልሰጥም። ወይ የሟቹ ስም ሀሚዱ ይባል፣ ወይ የዙለይሃ ቃል ከፊልሙ ይውጣ። እሷ በሕይወቷ ካለቀሰችው ሁሉ ለእኔ ያለቀሰችው ያንን ነው፤ በሞትኩ ጊዜ ደግሞ የምታለቅስልኝ የለችም።

ቀረጻው ሐሙስ ስለሆነ መልስዎን እስከ ረቡዕ ድረስ ሱቅዎ በነበረበት ቦታ፣ አሁን የድርጅትዎ ዋና መሥሪያ ቤት በቆመበት ደጅ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ጥበቃዎ እንዳያባርረኝ ፎቶግራፌን ከደብዳቤው ጋር አያይዤያለሁ።

ለድርጅትዎ እድገትን፣ ለፊልምዎ ሽልማትን፣ ለእርስዎ ደግሞ ረጅም ዕድሜንና ከረጅሙ ዕድሜ ጋር የሚመጥን ትዝታን እየተመኘሁ፣

በታላቅ አክብሮት፣ በሕይወት ያለው አገልጋይዎ

ሀሚዱ ኑርዬ
የቀድሞ የቅሬ ጠሪ፣ የመጀመሪያው የጥሪያችን ሟች፣ ሐዘንተኛ ቁጥር ሃምሳ አራት

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ሳራ፣ የፊልሙ ዳይሬክተር
ለቅሬው ዳኛ
ለአቶ ሙነወር (እስካሁን ስላልሞቱ በእጃቸው)

ተጨማሪ፦ ትናንት ሐይቁ ዳር በካሜራ እየተቀረጸ በተደረገው ልምምድ ላይ ተዋናይቱ ‹ተነሥ ወንድሜ› ብላ ስትጮህ ከተመልካች መካከል ‹አቤት!› ያለው ሰው ማን እንደሆነ ወይዘሪት ሳራ ተቆጥታ ስትጠይቅ ነበር። እኔ ነኝ። ላበላሽ ብዬ አይደለም፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ድምፁ እንዲጠፋ አዝዛለች ተብሏልና ከፈለጋችሁ አጥፉት። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ቀረጻውን አንድ ጊዜ መልሰው ይመልከቱልኝ፤ ያች ልጅ ‹ወንድሜ› ብላ አራት ጊዜ ተጣርታለች፣ ታንኳው ላይ ያሉት ሰው አራቱንም ጊዜ መነጽራቸውን ያስተካክሉ ነበር።